በደስታው መጨረሻ ላይ የወረደ ሙሾ

ከራማት ቬርበር ሰፈር በተሳፈርሁበት ሼሩት፣ የጋራ ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት እናት አጠገባቸው ለተቀመጠች የማያውቋት ወታደር ያወራሉ።

«የሰፈራችን ማኅበረሰብ ማእከል፣ ማትናስ አዳራሽ ሰብስበው ፊልም አሳዩን። ድምፅ የለውም።»

«ተበላሽቶ ነው?»

«ድሮ ሲሠራ እንዲያ ነው አሉ። ዕብራይስጥ ስለማትችሉ ይሻላችኋል ብለው ነው።»

«ስለ ምንድን ነው፣ እማማ?»

«አንዲትን ሴት ከቤት ያባርሯታል፤ ተርባ በረዶ ላይ ታድራለች።»

«አለቀሳችሁ?»

«እኛ? ሱዳን በእግራችን የገባን ሰዎች? ብስኩታችንን እየበላን አየናት እንጂ።»

«በሰደር፣ እሺ፣ መጨረሻውስ?»

«ፋብሪካ ለጽዳት ቀጠሯት። መጥረጊያውን ይዛ ሳቀች። ያን ጊዜ ጎረቤቴ ሙሾ አወረደች፤ እኛም እየተቀበልን አዳራሹን በለቅሶ አናወጥነው።»

«በደስታው ላይ?»

«የማትናሷ ሠራተኛ፣ ልጅቷም ደንግጣ ‹እማማ፣ አሁን እኮ ተስፋዋ ለመለመ!› ትለኛለች።»

«ምን አሏት?»

«‹እሷ መጥረጊያ ስትይዝ ፊልሙ አለቀላት። እኔ ከያዝሁ ልጆቼ ልጅ ወለዱ፤ የኔው መቼ ነው የሚያልቅ?› አልኋት።»

«ምን መለሰች?»

«እሷም እንደ ፊልሙ ሆነች። ያላ፣ በቃ ልጄ፣ ቢሮ የማጸዳበት ኪርያት ማታሎን ደረስን፤ ሹፌሩን አቁም በይልኝ።»

እሳቸውን ተከትዬ ስወርድ የቢሮዬን መታወቂያ ከአንገቴ አውልቄ ኪሴ ከተትሁት።