ገደል ማዶ እንደሚጣሩት

ራቤል ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ሳለሁ ያናደዱኝን አንድ ሽማግሌ ልንገራችሁ። ምጥ የጠናባትን ምራታቸውን በቃሬዛ አስይዘው መጡና መኪና እንድጠራላቸው ለመኑኝ። ሰማዩ ያጉረመርማል፤ ሬዲዮው ደግሞ እንደሚቆላ ገብስ ይንጣጣል። "መኪና በአስቸኳይ ላኩ፣ ምጥ የያዛት ሴት አለች!" ብዬ ጮህኩ። "አልተሰማም፣ ድገም!" አለኝ ዓለም ከተማ ያለው ባልደረባዬ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ፣ እየተጣደፍኩ ደጋገምኩት። አሁንም "አልተሰማም!"

ሽማግሌው "ልጄ፣ እንዲህ እየተንጫጫህ ማን ይሰማሃል?" አሉኝ። ደሜ ፈላ! "አባባ፣ እኔ እኮ ለዚህ ሠልጥኛለሁ!" አልኳቸው። ከነእጄ ማይኩን ሳብ አድርገው ወደ አፋቸው አስጠጉት። ከዚያ ገደል ማዶ ያለ ጎረቤታቸውን እንደሚጣሩት፣ ድምፃቸውን ስበው "መኪናአአአ!" አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ "ምጥ ነውውው!" አሉ። ያንኑ ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ በመሃሉ ፋታ እየሰጡ፣ ሦስት ጊዜ ተጣሩ።

"ተሰማ! መኪና እንልካለን!" አለ ባልደረባዬ። እፎይ ከማለቴ፣ "አንተ፣ አዲስ ሬዲዮ ገባላችሁ እንዴ?" አይለኝም?

"አዎ!" አልኩት በንዴት፣ "ሰባ ዓመት ያገለገለ!"