የአያ ደምሴ ባቄላና ሁለቱ ጣሳዎች

ቅዳሜ ከገሳይ ገበያ ስንመለስ የአክስቴን ልጅ ተስፋነህን ከደብረ ታቦር በመጣ ሚኒባስ ሲወርድ መንገድ ዳር አገኘነው። እሱ ዩኒቨርሲቲ ስለ ፈተና አወጣጥ ይማራል፤ እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ቤት የዋልሁ ነኝ። አብረውኝ የነበሩት የእናቴ አጎት አያ ደምሴ ናቸው። ባሏ ለሞተባት፣ በሬ ለሌላት ሴት ማሳዋን አርሶ ምርቱን እኩል የሚካፈል ሰው በአገራችን የሚመርጡ እሳቸው ናቸው።

አባቴ ከሞተ ወዲህ የእኛም ማሳ እንዲሁ ነው የሚታረስ። የዓምናው አራሽ ግማሹን ሳያርስ ክረምት ገባበት። ዘንድሮም እንዲያ ከሆነ እናቴ ወርቅነሽ ማሳውን ለባሕር ዛፍ ተካይ ሰጥታ፣ ከተማ ሰው ቤት ልትቀጠር ቆርጣለች። ጓዟን በገመድ ጥፍር አድርጋ አስራ ጥግ አስቀምጣዋለች።

አያ ደምሴ አራሹን «አዎ» ወይም «የለም» የሚባልባቸውን ጥያቄዎች ይጠይቁታል። «አዎ» ባለ ቁጥር አንድ ባቄላ ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ። ጎረቤት ስለሚሰማ መዋሸት አይቻልም። ባቄላ የበዛለት ያርሳል። በዚያ ሳምንት የእኛን ማሳ ሊያርሱ ከቀረቡት ሁለት ሰዎች ሙላቴ በላይነህን በአንድ ባቄላ በልጦት ነበር።

ይህን እየሄድን ለተስፋነህ በኩራት አወሩለት። እሱም ጥያቄዎቹን እንዲነግሩት ለመናቸው፤ ቆጠሩለት። በሬ ትጠምዳለህ? ድንጋያማ መሬት ታርሳለህ? ያልተገራ ወይፈን ጠምደህ ቁልቁለት ታርሳለህ? አባትህ የዚህ አገር ሰው ነው? ከኛ ጋር ማኅበር ትጠጣለህ? የመሳሰለው ነው።

«አያ፣ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ነፋስ መውጫ የደረሰ መኪና ገሳይን አልፏል?» አላቸው።

«በየት ይዘለዋል? መንገዱ አንድ ነው።»

«አንበሳሜንስ?»

«አንበሳሜ በወዲያ ነው፣ በባሕር ዳር በኩል። ተምረህ አገርህ ጠፋህ?»

«እንግዲያው ነፋስ መውጫ የደረሰውን ሰው ‹አንበሳሜን አይተሃል?› ቢሉት ‹የለም› ይላል። ሩቅ አልሄደም ሊሉት ነው?»

ተስፋነህ ቀጠለ። ጥያቄዎቹ ባንድ መንገድ ላይ ከሆኑ ከባዱን «አዎ» ያለ ቀላሉንም «አዎ» ማለት አለበት፤ ወይፈን ጠምዶ ቁልቁለት የሚያርስ በሬ መጥመድ አያቅተውም። ባንድ ሰው ብቻ አይፈረድም፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ የጠየቋቸውን ሰዎች ሁሉ መልስ ያስታውሱ አላቸው። ዳገቱን ስንወጣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። የእርሻው ጥያቄዎች ተራቸውን ጠብቀው መጡላቸው፤ ከባዱን «አዎ» ያለ ሁሉ ቀላሉንም «አዎ» ብሎ ነበር። የአባት አገር ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ግን ሞፈር መጨበጥ የማይችለው «አዎ»፣ ወይፈን ገሪው «የለም» ብሎ ተገኘ።

«ታዲያ ጥያቄዬ ከንቱ ነው በለኛ» አሉ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። ያላወቅሁትን ሰው እህል ላይ ላስቀምጠው?»

«ከንቱ አይደለም አያ፣ ይጠይቁት። ግን እሱ የሚነግርዎ ዝምድናን ነው፤ የፊተኞቹ የሚነግሩዎ ሙያን። አንድ ጣሳ ከገቡ በኋላ ባቄላው ከየት እንደመጣ አይናገርም።»

እኔም አላስቻለኝም። «የዓምናው አራሽ አባቱ እዚሁ ነው የተቀበሩት፤ ጣሳው ሞልቶ ነበር» አልሁ። «አባቱ ግን ተነሥተው አላረሱለትም።»

«ያንቺን ምላስ የሚገራ አልተወለደም» አሉኝ። ዋሸሽ ግን አላሉኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለት ጣሳ አስመጥተው ሁለቱን ሰዎች እንደገና ጠየቁ። በላይነህ የጉና ማዶ ሰው ነው፤ የሙያው ጣሳ ተንኳኳለት፣ የዝምድናው ጭር አለበት። የሙላቴ ግልባጩ ሆነ። አያ ደምሴ ጣሳዎቹን አስተያዩና ወደ እናቴ ዞሩ።

«ወርቅነሽ፣ ማሳሽን የቸገረው ምንድን ነው?»

«እርሻ» አለች።

ማሳው ለበላይነህ ተሰጠ። አገር የሚያውቀው ሙላቴ ደግሞ ዋስ ሆነው፤ የአያ ደምሴም ስጋት መልስ አገኘ።

ከዚያ ወዲህ በእኛ አካባቢ ባቄላ የሚደመረው ከየራሱ ጣሳ ባቄላ ጋር ብቻ ነው። ጎበዝ አራሽ በአባቱ አገር ምክንያት አይቀርም፤ የሚወደድ ሰውም የማይችለውን ሥራ ተሸክሞ አያፍርም። አያ ደምሴ ለእኔ ምላስ ሦስተኛ ጣሳ እንደሚያስፈልግ ይናገራሉ፤ ይሁን።

በላይነህ ታችኛውን ቁልቁለት አርሶ በጨረሰ ዕለት የወይፈኑ ማሰሪያ ተበጠሰበት። እናቴ ቤት ገብታ ጓዟን ፈታችና ገመዱን አምጥታ ሰጠችው።