የአራተኛው በር ቁልፍ

እንዴት አደርሽ አንቺ? ፀሐይዋ ዛሬስ ጨክናለች። እስቲ ጠጋ በይልኝ፣ ከትኬት መሸጫሽ ጥላ እኔም ልቋደስ። ከበላያችን ያለው የአለቃችን ቢሮ መስኮት ክፍት ነው እንዴ? ተይው፣ ክፍት ይሁን። እዚህ ስታዲየም ውስጥ የተከፈተ ነገር ማየት ደስ ይላል...

እኔ መቼም ሰው ማማት አልወድም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በር ስጠብቅ የማንን ስም አነሣሁ? ማመስገን ግን ነውር የለውም። አንዳንድ ሰው ሲሾም ግቢው ሁሉ መልኩ ይለወጣል። ከዚያ በፊት እኛ በረኞቹ ምን ነበርን? አሥራ ሁለቱን ቁልፎች በልጄ አሮጌ ሹራብ ክር አስረን፣ ቀዩ የአንደኛው በር፣ ወፍራሙ ቢጫ የአራተኛው፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ በዳሰሳ እየለየን... እንዲህ ያለ ኋላ ቀርነት! ደግነቱ ንጽሕና የሚወዱ ሰው መጡልን። ስም አልጠራሁም። ክሩን ሁሉ በመቀስ ቆርጠው ጣሉና ለአሥራ ሁለቱም አንድ ዓይነት የሚያብረቀርቅ የቁልፍ መያዣ ገዝተው፣ በመስታወት ሣጥን ቢሯቸው ሰቀሏቸው። ሲያምሩ ብታይ! የትኛው የየትኛው በር እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም። ከኛ እኩል መሆናቸው ነው፤ ትሕትና ይሏል ይሄ ነው።

ደግሞስ የሕዝብ ስታዲየም አይደል? የሕዝብ ስለሆነ ነዋ ቁልፉ አንድ ሰው ዘንድ የሚያድረው። ሕዝብ ዕቃ ይጥላል። ቦርዱም መጥቶ አይቶ አጨበጨበ፣ ሰባቱም ሣጥኑ ፊት ቆመው ፎቶ ተነሡ። እነሱ የሚገቡበት የክብር በር ተቆልፎ አያውቅም፤ ቁልፍ ቢያስደንቃቸው ይፈረድባቸዋል? ድሮ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነበር፣ ዛሬ ቁልፍ ቢያብር ሕዝብ ያስራል። ሲሾም ያልቆለፈ ሲሻር ይቆጨዋል... እንዲህ ነበር እንዴ የሚባለው? እንጃ፣ እርጅና መጣ መሰለኝ።

ባለፈው እሑድ ያ ዝናብ ሲወርድ የርካሽ ትኬቱ ሰው ሁሉ ሊወጣ ወደ አራተኛው በር አልጎረፈም? እኔ አሥራ ሁለቱንም ከሣጥኑ አውጥቼ ታቅፌ፣ ውጭ ቆሜ እሞክራለሁ። አንዱ እንቢ፣ ሁለተኛው እንቢ... ከብረቱ ወዲያ ሰው ይጨናነቃል፣ ሕፃን ታለቅሳለች፣ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ስተው በሰው እጅ በአጥሩ ላይ ተሻገሩ። አሥራ አንደኛው ከፈተ። ፈራሁ አንቺ፣ እውነቴን ነው። ቁልፉም ሲመለስ ከወንድሞቹ ጋር ተቀላቀለና ጠፋ።

እሳቸው ግን አልረሱኝም። "በረኛዋ እጇ በመዘግየቱ" ብለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉልኝ፣ ያውም በማኅተም! በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሜን በወረቀት ያሰፈረልኝ ሌላ አለቃ ማን ነበር?

ነገ ደግሞ የዋንጫ ጨዋታ ነው። የባለፈው እጥፍ ሰው ይመጣል። ክሩ ይኸው፣ ቢጫው፣ ከጣሉበት አንሥቼው ኪሴ ውስጥ ነው። "የአራተኛውን ብቻ እንኳ ፈልጌ ልሰርበት፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም" ብዬ ብለምን "ለቦርድ ይቀርባል" አሉኝ። ቦርዱ የሚሰበሰበው በየሦስት ወሩ ነው። አትቸኩይ ማለታቸው ነው፤ ለጤናዬ አስበው።

ውይ፣ መስኮቱ ተዘጋ? ነፋስ ይሆናል... ነፋስ የለም ነው የምትይኝ? ታዲያ ምን ክፉ ተናገርኩ? እኔ እንደሆንኩ ቆሜም ተቀምጬም የምመርቃቸው ነኝ። ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው፣ ልጆቻቸውን ያሳድግላቸው፣ ወንበራቸውን ያጽናላቸው። ክፉ ቀን አይምጣባቸው፤ ከመጣም ደግሞ፣ ሮጠው የሚደርሱበትን በር ልክ እንደ እሳቸው ያለ ጠንቃቃ ሰው ይጠብቅላቸው።

አሜን በይ እንጂ።