የወደደችው ሰው አይዋሽም ነበር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሰፈሬ ሰዎች፤ ቀና በሉና ስሙኝ። በአደባባይ «ጠንቋይቱ» እያላችሁ፣ በጓሮ በር ስትገቡባት የኖራችሁ ሁሉ ዛሬ ለቀብሯ መጥታችኋል። ጥቁር አምሮባችኋል። ግማሹን የሰፋነው እሷና እኔ ነን።

አስራ ዘጠኝ ዓመት በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት የስፌት መኪና ጎን ለጎን አድርገን አብረን ሠርተናል። ጠንቋይ ነበረች ወይ? አዎ፣ ነበረች። በቀሚስ ጠርዝ ውስጥ አንዲት ክር ትቀብራለች፤ ባለቀሚሷ በወሩ ታገባለች። ከእናንተ መሃል ስንቱ ነው በእሷ ክር የተጋባው? እጅ አታውጡ፤ ልኬታችሁ ደብተሬ ላይ አለ።

ለራሷ ግን ክሩ እምቢ አላት። ይባስ ብሎ አብሯት የተወለደ አበሳ ነበረባት፤ እሷ የወደደችው ወንድ ፊቷ ቆሞ መዋሸት አይችልም። እስቲ ንገሩኝ፤ ትንሽ ውሸት ሳይቀላቀልበት የተጀመረ ፍቅር የትኛችሁ ታውቃላችሁ?

የመጀመሪያው ፋርማሲስቱ ነበር። ሻይ ልጋብዝሽ ብሎ ወሰዳት፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ዓይንሽ ያምራል ሊላት አፉን ከፈተ። «እዚያ ጥግ የተቀመጠችውን ለማስቀናት ነው ያመጣሁሽ» አለ። አፉን በእጁ ያዘ፤ ቃሉ ግን አምልጦታል። እሷ ሻይዋን ረጋ ብላ ጨርሳ ተነሳች።

ቀጥሎ የጂኦግራፊ አስተማሪው መጣ። «ለምን ወደድከኝ?» አለችው። «ብቻዬን መብላት ሰልችቶኝ ነው» አላት። የዚያን ቀን የሰፋችውን ሁሉ ፈታ እንደገና ሰፋችው።

እናንተስ? ሳቃችሁባት። «ሰውን ትድራለች፣ ራሷ ቆማ ቀረች» አላችሁ። ጮክ ብላችሁ ነበር ያላችሁት፤ በመስኮታችን ይሰማ ነበር።

ከዚያ ሰዓት ሠሪው መጣ። የኮቱ ገበር ተቀዶ ነበር። ገበሩ ከተሰፋለት በኋላም መመላለሱን አልተወም። አንድ ቀን «ምን ፈልገህ ነው?» አለችው። እኔ መቀሴን አስቀምጬ ጆሮዬን ሰጠሁ።

«እፈራሻለሁ» አላት። «ሥራሽንም እፈራለሁ። ግን ሱቄን ስከፍት በርሽ ተዘግቶ ካገኘሁት ቀኑ አይገፋልኝም።»

እውነት ያላሳዘናት ያን ቀን ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን አልተጋቡም? አንድ ሰው ሱቁ ድረስ ሄዶ «ክር አስራብህ ነው እንጂ አንተ መች ትወዳታለህ» አለው። ሰዓት ሠሪው መጥቶ ጠየቃት። «አስረሽብኛል?» አላት። ኩሩ ነበረች። «ይህን ከጠየቅከኝማ ሂድ» አለችው። ሄደ። ይኸው ሰባት ዓመት።

ማን ነው የነገረው? እርስ በርስ አትተያዩ። እኔ ነኝ። እሷ ካገባች ከሁለት መኪና ጋር ብቻዬን ልቀር ነው ብዬ ፈራሁ። እናንተ የወጋችኋት ከሩቅ ነው፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከያኔው። አንቺንም ካባረርኩ ከማን ጋር ልሠራ?»

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። እኔም በይ ብዬ አልለመንኳትም።

አንተ ሰዓት ሠሪ፣ ከኋላ መቆምህን አይቻለሁ። ወደ ፊት ና። መንገድ ልቀቁለት። ስማኝ፤ ምንም አላሰረችብህም። ትወድህ ስለነበር እሷ ፊት መዋሸት አትችልም ነበር። ያን ቀን ያልካት ሁሉ የገዛ ልብህ ነው።

እህቴ፣ ይኸው ነገርኩት። ዘገየሁ፣ ግን ነገርኩት። እነዚህን ሰዎች እኔ አሰናብታቸዋለሁ፤ አንቺ እረፊ። ደህና ሁኚ። የመጀመሪያውን አፈር እሱ ያልብስሽ።