በሞቴ እንዳትነሺ

አቶ ሃድጉ ካዛንቺስ ከሚገኝ የሕክምና ዕቃ መሸጫ ወጥተው የታክሲ ሰልፍ ሲይዙ፣ ከፊታቸው የቆመችው የቂርቆስ ጎረቤታቸው ልጅ ሲምረት ሆና አገኟት። በፌስታል የያዙት ፖፖ ነበር። ታናሽ እህታቸው ፀሐይቱ የዳሌዋ መገጣጠሚያ በብረት ተተክቶላት በቅርቡ ከሆስፒታል ወጥታለችና፣ ለሽንት እንኳ እንዳትነሳ ብለው መግዛታቸውን በኩራት ነገሯት።

«ሐኪሙ በመደገፊያ ይራመዱ አላለም እንዴ ጋሼ?»

«ብሏል። ሐኪም ቀዶ ይሸኛል፤ አስታማሚው እኔ ነኝ።»

እኛ ሐኪምን የምንሰማው ክኒን ሲያዝ ነው፤ ተነሡ ሲል ጨካኝ ይመስለናል። እንግዳ ሲገባ ፀሐይቱ በጨዋ ደንብ ልትነሳ ትሞክራለች፤ ጠያቂው ሁሉ «በሞቴ እንዳትነሺ» ይላታል። ዝም ያለ ሰው ክፉ እንዳይባል፣ ሰፈርተኛው ተራ በተራ በሞቱ እየማለ አስተኝቷታል።

የሲምረት ሥራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ የጭን አጥንት አምሳያ በኮምፒውተር እየሠራች የሚያርፍበትን ጫና ታሰላለች። ታክሲ ጠፍቶ ሰልፉ አልነቃነቅ ሲል ካፌ በረንዳ ላይ አስቀመጠቻቸውና ላፕቶፗን ከፈተች። መሀሉ ላይ ብረት የተሰካበት አጥንት ወጣ። ኮምፒውተሩ አጥንቱን በጣም ትንንሽ ቦታዎች አድርጎ ከፋፍሎ፣ ሰው ሲቆም በእያንዳንዱ ላይ ምን ያህል ክብደት እንደሚያርፍ እንደሚያሰላ አስረዳቻቸው፤ ብዙ የተሸከመው ቀይ፣ ምንም ያልተሸከመው ሰማያዊ ነው። አቶ ሃድጉ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና ደስ አላቸው።

«ይኸው፣ ሰማያዊው አርፏል። እኔስ ምን አልኩ? ይረፍ ነው ያልኩት።»

«እሱ ነው የሚያስፈራው ጋሼ። አጥንት ሥራ ሲያጣ ይሳሳል። ብረቱ ራሱ ሸክሙን ስለሚቀበለው፣ ማለቴ፣ ዙሪያው ያለው አጥንት ቀድሞም ሥራው ቀንሷል። መተኛት ሲጨመርበት ደግሞ በቃ፣ እየሟሸሸ ይሄዳል። ከዚያ ለመሰበር ትንሽ አዳለጠኝ ማለት ይበቃዋል።»

«ኮምፒውተር የፀሐይቱን አጥንት ከየት ያውቀዋል?»

«አያውቀውም። ይህ ስሌት ነው፤ እንዴትና ምን ያህል እንደሚራመዱ የሚወስነው ሐኪማቸው ነው። እኔ ያሳየሁዎት ለምን ተራመዱ እንደሚባል ነው።»

ቀጥላም ቀስ በቀስ መርገጡ ጡንቻውን እንደሚያጠነክር፣ ደም እግር ውስጥ እንዳይረጋ እንደሚያግዝ፣ ሰውም የሰው እጅ ከማየት እንደሚድን ነገረቻቸው። አቶ ሃድጉ ግን መስማት አቁመው ነበር። ሟች ባለቤታቸው መብርሂትም ዳሌዋ ውስጥ እንዲህ ያለ ብረት ነበራት። ከአልጋ ሳያወርዱ አጥበው፣ አጉርሰው፣ ደግፈው አኖሯት፤ አንድ ቀን እምቢ ብላ ስትነሳ ጭኗ ከብረቱ ሥር ተሰበረና ከዚያ ወዲያ አልዳነችም። ቂርቆስ ዛሬም ድረስ «ባል እንደ ሃድጉ» ይላል።

«መብርሂትም እንዲህ ሰማያዊ ነበረች?» አሉ።

«የእሳቸውን ሳላይ አልናገርም ጋሼ» አለች ሲምረት፤ ዓይኗን ግን ከላፕቶፑ አላነሳችም።

አቶ ሃድጉ ቤታቸው ሲደርሱ እጸገነትና ሌሎች የእድር ሴቶች ፀሐይቱን ከበው ተቀምጠዋል። ፀሐይቱ ወንድሟን ስታይ በክርኗ ተደግፋ ቀና ማለት ጀመረች።

«በሞቴ እንዳትነሺ!» አለች እጸገነት።

«ተዪያት» አሉ አቶ ሃድጉ። «መብርሂትንም እንዲህ እያልን ነው የቀበርናት።»

ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የወሸቁትን መደገፊያ አውጥተው አቀረቡላት። ፀሐይቱ እያቃሰተች ቆመች፤ ላብ በላብ ሆና፣ በራሷ እግር ሽንት ቤት ደርሳ ተመለሰች። የተገዛው ፖፖ ከፌስታሉ ሳይወጣ ቀረ።

ሴቶቹ ቡና እንኳ ሳይጠብቁ ወጡ። ለሚስቱ እንዲያ የነበረ ሰው በእህቱ ጨከነ ብለው በሰፈሩ አወሩ። ወሬው አቶ ሃድጉ ጆሮ ደረሰ፤ በማግስቱም ጠዋት መደገፊያውን ይዘው ከፀሐይቱ አልጋ አጠገብ ቆሙ።