ባለቤት የሌለው ኮረብታ

ውጭ አገር እየተማርኩ ለዕረፍት ቡታጅራ ስገባ፣ ፖሊስ ሻንጣዬን ፈትሾ ከነካርታዬ የወረዳው ገዢ ፊት አቆመኝ። ካርታው የመሬት አይደለም። የአንድን ፕሮቲን ክሪስታል በኤክስሬይ አንሥተን፣ ኤሌክትሮኖቹ የታጨቁበትን ቦታ እንደ ኮረብታ በክብ ክብ መስመር የሣልንበት ነው። መሀሉ ላይ እኔም አስተማሪዬም ምን እንደሆነ ያላወቅነው አንድ እብጠት አለ። ገዢው ጣታቸውን ያሳረፉት እሱው ላይ ነው።

«በስውር የማንን መሬት ነው የምትለካው?»

«መሬት አይደለም ጌታዬ፣ የፕሮቲን ሥዕል ነው።»

«ታዲያ ይሄ ኮረብታ የማን ነው?»

«እሱንማ እኛም እየፈለግን ነው።»

«ባለቤት የለውም በለኛ!»

«እስካሁን አልተገኘም።»

ፊታቸው በራ። «ባለቤት የሌለው መሬት የመንግሥት ነው!» ብለው የደከምኩበትን ካርታ መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። እኛ ስም ያጣንለትን ነገር እሳቸው ባንድ ቃል ጨረሱት።

አባቴ የእርሻ መሬቱ የተወሰደበት መስሎት ከገበያ እየሮጠ መጣ። የገዢው ቢሮ በር ላይ ያዘኝና፣ «የወሰዱት ስፋቱ ምን ያህል ነው?» አለኝ።

«በዓይን እንኳ አይታይም፣ አባባ።»

ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። «አልሐምዱሊላህ! ሁሌም እንዲህ ያለውን ይውሰዱ።»