ያላየሁት ብሎን

ክቡር የጣቢያው ኃላፊ፣ የጥገና ክፍል ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤ ሥራችሁን አቁማችሁ ይህን የጡረታ መሸኛ ምሳ ስላሰናዳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ጥሬ ዓሣውን የመረጠችው የክፍላችን ባልደረባ ሆሪኡቺ ናት አሉ። መርምራ እንደሆነ አልጠራጠርም።

ቁጭ ብለህ ተናገር ብላችሁኛል፤ አልችልም። ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ፣ ሻይ እንኳ ቆመህ ሆነ የምትጠጣው" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ከዚያ የመሬት መንቀጥቀጥ ወዲህ መቀመጥ አልሆነልኝም።

አምስት ዓመት ሆነው። የኑክሌር ኃይል ማመንጫችን ሬአክተር ገና መሬቱ ሲርገበገብ ራሱን አጠፋ። የከተማው ሰው "ጠፋ፣ ተረፍን" አለ። እኛ ግን እናውቃለን፤ እሳቱ ቢጠፋም ፍሙ ለብዙ ቀን ይግላል። ውሃ ካላገኘ ማሰሮውን ያቀልጣል። መብራት ተቋርጦ ስለነበር የውሃ ፓምፖቹን ያሠሩት ሁለቱ መጠባበቂያ ጄኔሬተሮች ናቸው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ። ተጨበጨበልን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆሪኡቺ በሁለተኛው ጄኔሬተር ሥር በደረቷ ተስባ ገባች። ከወለሉ ጋር የሚያስሩትን አሥራ ስድስት ብሎኖች አንድ በአንድ በመዶሻ መታች። የመጀመሪያዎቹ አራት ቅጭል አሉ። አምስተኛው ግን የደነዘዘ ድምፅ ሰጠ።

"ይኼኛው ታሟል" አለች ከሥር።

ሦስት የተሰነጠቁ ተገኙ። የያኔው አለቃችን አቶ ኒሺዋኪ (እዚያ ጥግ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አይስጉ፣ አልከስዎትም) "መንቀጥቀጡ ነው የሰነጠቃቸው፤ ቀይሩና ጻፉ" አሉ።

ሆሪኡቺ አንዱን ብሎን አውጥታ ስንጥቁን በባትሪ አሳየችኝ። ውስጡ ዝጓል።

"የሁለት ሳምንት ዝገት አይመስልም፣ አቶ ቶኩናጋ።"

ከመንቀጥቀጡ በፊት በነበረው መከር ያንን ጄኔሬተር ፈትሾ "ደህና ነው" ብሎ ማኅተሙን ያሳረፈው ማን እንደሆነ ታውቅ ነበር። እኔ ነኝ። ሥሩ ጠባብ ነው፣ ወገቤን አሞኛል፣ ሃያ ዓመት ምንም አልሆነም ብዬ፣ ሳልገባ።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ዝም አልኩ። ሪፖርቱ ላይ "በመንቀጥቀጡ ምክንያት" ተብሎ ተጻፈ፤ እሱም ላይ አተምኩበት። በሦስተኛው ቀን አቶ ኒሺዋኪ ቢሮ ገባሁ።

"ብሎኖቹ ቀድሞም ተሰንጥቀው ነበር። እኔ አላየኋቸውም" አልኳቸው።

"ተቀይረዋል እኮ። ምን ይቆፈርልህ?"

"በእኔ ማኅተም ያለፉት እነሱ ብቻ አይደሉም።"

እሳቸውም ኮታቸውን ለበሱና "ና፣ ለበላዮቻችን አብረን እንንገራቸው" አሉኝ።

ጣቢያው ሰባት ወር ተዘግቶ ከረመ። እኔ ያሳለፍኩት ሁሉ እንደ አዲስ በመዶሻ ተመታ፤ አሥራ አንድ ሌሎች ታማሚ ብሎኖች ተገኙ። ከኃላፊነቴ ተነሣሁ፤ ይገባኛል። የከተማው የእንግዳ ማረፊያዎች ወደ ጣቢያው ለሥራ የሚመጣ ሰው አጡ። ዓሣ ሻጯ ባለቤቴን "ባልሽ ዝም ቢል ምን ነበረበት?" አለቻት። ባለቤቴም "ዝምታውንማ ሞክሮት ነበር" ብላ ዓሣዋን ይዛ መጣች።

በቀጣዩ የካቲት ምድር እንደገና ተናወጠች። መብራት ሄደ። አንደኛው ጄኔሬተር አልነሣም አለ። ሁለተኛው ብቻውን ሠላሳ ሰዓት ሠራ። ብዙዎቻችሁ አጠገቡ ነበራችሁ። እኔ እጄን ወለሉ ላይ አድርጌ ንዝረቱን ሳዳምጥ ነበር።

ተረፍን ማለት ነው? ለዚያ ቀን፣ አዎ። ግን ዛሬም ጠዋት ካልሲዬን ሳጠልቅ "ሌላ ያላየሁት የቱ ይሆን?" እላለሁ። ጡረታ ይህን የሚወስድልኝ አይመስለኝም። ስለዚህ አደራ፤ "ተዉት፣ ሃያ ዓመት ቆሟል" የሚል ሽማግሌ ከገጠማችሁ አክብሩት፣ ወንበር ልቀቁለት፣ ግን አትመኑት።

ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጣችሁ። ወገባችሁ እስከ ጡረታ ሳያማችሁ ይታጠፍ፣ ጆሯችሁ አይድከም። ልጆቻችሁ በዚህ ባሕር ያለ ሥጋት ይዋኙ። ተራችሁ ደርሶ እዚህ ስትቆሙም የምትናዘዙት አይኑራችሁ፤ ንግግራችሁ አጭርና አሰልቺ ይሁን።